የቲማቲሙ ፍሬ ከታች ለምን ይጠቁራል?

በጓሯችሁ የተከላችሁት ቲማቲም አድጎ፣ አብቦ፣ ፍሬ ይዞ ሊቀላ ሲል ፍሬው ከታች ጫፉ ጠቁሮና ጎድጉዶ ታገኙታላችሁ። «በሽታ ገባበት!» ብላችሁ ፀረ ተባይ ለመግዛት ከመሮጣችሁ በፊት ግን ጥቂት ታገሡ። ይህ ጥቁረት ከተባይም ሆነ ከጀርም የሚመጣ ስላልሆነ ርጭት አያድነውም። ደግሞም ዛሬ የረጫችሁትን ነገ በሰላጣ የሚበሉት ልጆቻችሁ ናቸው።

ታዲያ ምክንያቱ ምንድን ነው? ፍሬው ካልሲየም የተባለው ንጥረ ነገር ሲያንሰው ነው። ካልሲየሙ ብዙውን ጊዜ አፈሩ ውስጥ አለ፤ ወደ ፍሬው የሚያደርሰው ግን ውሃ ነው። አፈሩ አንድ ሰሞን ደርቆ ሌላ ጊዜ ሲጥለቀለቅ ካልሲየሙ ለፍሬው በወቅቱ አይደርስም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የምንኖር ደግሞ ውሃው በመጣ ቀን ጓሮውን አጥለቅልቀን ለቀናት ስለምንረሳው ችግሩ ይብስብናል።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ፦

• ውሃ በበርሜል ወይም በጄሪካን አጠራቅሙ። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገቡ፤ ደረቅ ከሆነ አጠጡ፣ እርጥበት ካለው ተዉት።

• ከግንዱ ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ አፈሩን በ5 ሴንቲ ሜትር ያህል ደረቅ ሣር አልብሱት። እርጥበቱን ይይዝላችኋል።

• ዩሪያ አታብዙ። ቅጠሉን ያፋፋል፣ ፍሬውን ግን ይጎዳል። በደንብ የበሰበሰ ፍግ ይሻላል።

• የጠቆረውን ፍሬ ቀንጥሱ። ውሃው ከተስተካከለ በኋላ የሚያዘው ፍሬ ደህና ሆኖ ይወጣል።

ነገር ግን በቅጠሉና በግንዱ ላይ ውሃ የነካው የሚመስል ቡናማ ጠባሳ ካያችሁና በጥቂት ቀናት ከተስፋፋ፣ ያ እውነተኛ በሽታ ነው። ድንችንም ያጠቃል፤ ቅዝቃዜና እርጥበት ይመቸዋል። የታመመውን ቅጠል ወዲያው ቆርጣችሁ ከጓሮው አርቁ። ለከርሞው ከድንች ርቃችሁ፣ በችግኞቹ መካከል 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ትታችሁ ትከሉ፤ በእንጨትም ደግፉት። ስታጠጡ ጠዋት ጠዋት ሥሩን እንጂ ቅጠሉን አታርጥቡ። በደጋ ያላችሁ ደግሞ ክረምቱ ሲወጣ ብትተክሉ ከብዙ ኪሳራ ትድናላችሁ።

ነገ ማለዳ ወደ ጓሮ ስትወጡ መጀመሪያ አፈሩን በጣታችሁ ዳስሱት። ጓሯችሁ ይለምልም!