«ጠፋ» ማለት መልስ አይደለም

ተማሪዎችና መምህራን ሆይ!

ሠራተኛ ወደ ፋብሪካ ገብቶ ሳይወጣ ቢቀር፣ «ጠፋ» ብሎ መዝገብ መዝጋት ምርመራ አይባልም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሰው መጥፋቱ በፍርድ እንዲታወጅ ለመጠየቅ ሁለት ዓመት ያስጠብቃል፤ እስከዚያ ሚስት መበለትነቷ አይታወቅም፣ የልጆች ካሳና ጡረታም ይዘገያል። አዋጅ 1156/2011 ግን አሠሪው በሥራ ላይ የደረሰውን አደጋ መዝግቦ ለተቆጣጣሪ እንዲያስታውቅ ያዛል። እንግዲህ «ጠፋ» የሚለው ቃል የሚጠቅመው ማንን ነው?

ባሕር ዳር በጣልያን የጦር ካሳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953፣ ፖሊቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. ያገኘች ከተማ ናት። የመኪናን ጠባይ የተማርነው እኛ ካልጠየቅን ማን ይጠይቅ?

መኪናው ይቁም! መከለያው ይታይ! የፈረቃው መዝገብ ይመርመር! ሰውየውን ጣና ዳር ከመፈለግ በፊት መዘውሩ ይፈተሽ!