የሚፈታ ዳምቤል ወይስ ወጥ? (ውጭ ያላችሁ ዘመዶችም አንብቡት)

 

ሰሞኑን የአጎቴ ልጅ ከሚኒሶታ ደወለልኝ። "ወንድሜ፣ ለግቢያችሁ ልጆች ዳምቤል ልልክ ነው። የሚፈታው ይሻላል ወይስ ወጡ?" አለኝ። ወጥ ስል የሚበላውን እንዳይመስላችሁ፣ እሱንማ ብናገኝ ማን ይጠላል! አንድ ላይ ተበይዶ ወይም ተቀልጦ የተሠራውን፣ ክብደቱ የማይቀየረውን ማለቴ ነው። "አስቤበት እነግርሃለሁ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ጥያቄው ግን ግቢውን ለሁለት ከፈለው። ሦስት ቀን ሙሉ ክርክር ሆነ። ስለዚህ መልሴን እዚሁ ልጻፈው፣ ተመሳሳይ ጥያቄ ያላችሁም ትጠቀሙበታላችሁ።

ለማታውቁን ትንሽ ልንገራችሁ። ያለነው ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል ነው። ማዶ ያለው የሀገራችን ከተማ ከዚህ ይታያል፣ ስሙም ያው ሞያሌ ነው። ማታ ማታ 11 ሰዓት ላይ 19 ልጆች እኛ ግቢ ይሰበሰባሉ፣ 12 ወንዶችና 7 ሴቶች። ሰብሳቢው እኔ ነኝ። የፊዚክስ መምህር ነኝ እንጂ የስፖርት ሰው አይደለሁም። ነገሩን የጀመርኩት ከሰዓት በኋላ ጫት ይዘው "ኬዜ ምን ደረሰ? ፕሮሰሱ ምን አለ?" እየተባባሉ የሚቀመጡት ተማሪዎቼ ቁጥር ሲጨምር አይቼ ነው። መልሱን እኔም አላውቀውም። ፑሽ አፕ ማሠራት ግን እችላለሁ።

"ስደተኛና ብረት ምን አገናኘው?" የሚሉኝ አሉ። ሲሪል ቻቼት የሚባል የካሜሩን ክብደት አንሺ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 ለኮመንዌልዝ ጨዋታ ግላስጎው ሄዶ ወደ ሀገሩ ሳይመለስ ቀረ። ብራይተን ከተማ ድልድይ ሥር አደረ፣ ተስፋም ቆርጦ ነበር። በኋላ ጥገኝነት አገኘ፣ ነርስነት ተማረ፣ ብረቱንም አልተወም። በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ በስደተኞች ቡድን ተወዳድሮ በ96 ኪሎ 10ኛ ወጣ። የእኛ ልጆች ኦሊምፒክ ይገባሉ እያልኩ አይደለም። ብረቱ ሰውየውን ከድልድይ ሥር አላወጣውም፣ ግን ሲወጣ አብሮት ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄው።

የሚፈታው ዳምቤል ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የድሮው ነው፤ አጭር ባር አለው፣ ክብ ክብ ፕሌቶች ይገቡበታል፣ ጫፍና ጫፉ በዳዶ ይታሰራል። ሁለተኛው ዘመናዊው ነው፤ ቁልፉን ስታዞሩት የፈለጋችሁትን ያህል ፕሌት ይዞ ይነሳል፣ የቀረው መቀመጫው ላይ ይቀራል። ለአንድ ሰው ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ናይሮቢ ኢስሊ አንዲት ክፍል ተከራይተህ ብቻህን የምትኖር ወንድሜ፣ አትጠራጠር፣ የሚፈታውን ግዛ። አንድ ጥንድ ከአልጋ ሥር ይገባል፣ ከ5 ኪሎ እስከ 20 ያሠራሃል፣ ቤት ስትቀይርም ፈታተህ ትሸከመዋለህ። 1.25 ኪሎ የሚመዝኑ ትንንሽ ፕሌቶች ካሉህ ደግሞ በሁለቱም ጎን አንዳንድ እየጨመርክ በ2.5 ኪሎ ከፍ ትላለህ። ወጡ ይህን አያደርግም። ከ10 ወደ 15 ስትዘል ጭማሪው ግማሽ ያህል ነው፣ ትከሻህም "ይሄ ምንድነው?" ይላል። ይህን ለወጡ ወገን ብቆምም ሳልናገር አላልፍም።

እኛ ግን አንድ ሰው አይደለንም፣ 19 ነን።

መምህር ነኝና ሒሳቡን እንሥራው። ልምምዳችን 90 ደቂቃ ነው። አንድ ጥንድ የሚፈታ ዳምቤል ለ19 ልጅ ሲካፈል ለአንዱ 5 ደቂቃ እንኳ አይደርሰውም። ከዚያ ላይ ዳዶ ፈትቶ፣ ፕሌት ቀይሮ፣ መልሶ ለማሰር 2 ደቂቃ ቀንሱ። የቀረው ጊዜ ለብረት ሳይሆን ለወረፋ ነው። በዚያው ገንዘብ አምስት ጥንድ ወጥ ብናሠራ አምስት ልጆች በአንድ ጊዜ ይሠራሉ፣ ሌሎቹ ጄሪካን ያነሳሉ። ጄሪካንን አትናቁ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፣ ቢጫዋ ጄሪካን ስትሞላ 20 ኪሎ ናት፣ ግማሽ ስትሆን 10። የሚስተካከል ክብደት ከፈለጋችሁ እሷን የሚያህል የለም፣ ሞያሌ ውስጥ ደግሞ እሷን ሳይሸከም ያደገ ልጅ የለም። ብቻ ውሃውን እንዳትደፉት፣ እናቶች አይምሩንም።

ሁለተኛው ምክንያቴ ሴቶቹ ናቸው። ባለፈው ዓመት ያገለገለ የሚፈታ ጥንድ ነበረን። ወንዶቹ ሁልጊዜ 15 ኪሎ እንደታሰረ ይተዉታል። ሴቶቹ ሲመጡ ዳዶው በወንድ ጉልበት የጠበቀ ነው፣ ለመፍታት ወንድ መለመን አለባቸው። አንዷ "ቲቸር፣ እኛ መለማመዱን ትተን መለመኑን ተለማመድን" አለችኝ። ባለ 3 እና ባለ 5 ኪሎ ወጥ ቢኖር ማንም አይሻማቸውም፣ ፈቃድም አይጠይቁም። ለእናቶቻቸውም ይሆናል። ዕድሜ ሲገፋ አጥንትና ጡንቻ እንዳይሳሳ ቀላል ክብደት ማንሳት ይጠቅማል።

ሦስተኛውን ስጽፍ አሁንም ያመኛል። ያ ያገለገለው ጥንድ አንድ ቀን የ17 ዓመት ተማሪዬን ጎዳው። የዳዶው ጥርስ ውስጥ የሞያሌ አቧራ ገብቶ ነበር። ከኋላ ወረፋ ስለነበረ በጥድፊያ በጣት ብቻ አጥብቀነዋል። ልጁ ሲያነሳው ፕሌቱ ሾልኮ እግሩ ላይ ወደቀ፣ ሁለት ጣቶቹ ተሰበሩ። በየሳምንቱ 50 ሽልንግ እያዋጣን ያጠራቀምነው ሣጥን ለሕክምና ሄደ። እናቱ አልተቆጡኝም። "ቲቸር፣ በዚያ እግሩ ነው ድንበሩን የተሻገረው" ብቻ አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ክፍል ውስጥ ስለ ስበት የማስተምረው እኔ ነኝ፣ ዳዶውን ማየት የነበረብኝም እኔ ነበርኩ።

አሜሪካ ያላችሁ ዘመዶቼ፣ ይህን የምነግራችሁ በምክንያት ነው። ዘመናዊውም ከዚህ ችግር ነፃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጁን 2025 የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ቦውፍሌክስ 552 እና 1090 የተባሉት ዳምቤሎች ከተጠቃሚዎች እንዲሰበሰቡ አስታውቋል። ብዛታቸው 3.8 ሚሊዮን ያህል ነው። ምክንያቱ በሚነሱበት ጊዜ ፕሌታቸው ከመያዣው ሊወድቅ መቻሉ ነው፣ ከ100 በላይ ሰዎችም ጉዳት ደርሶባቸዋል። ስለዚህ ጎረቤታችሁ "ውሰደው፣ አልፈልገውም" ብሎ በነፃ ቢሰጣችሁ መጀመሪያ ሞዴሉን እዩ። ደግ አስባችሁ የልጅ እግር እንዳትሰብሩብን።

ደግሞስ እንዴት ሊመጣ ነው? ባለ 552ቱ አንዱ እስከ 24 ኪሎ ይመዝናል፣ ጥንዱ 48 ነው። አንድ የአውሮፕላን ሻንጣ በተለምዶ 23 ኪሎ ነው። ሁለት ሻንጣችሁን ሙሉ በሙሉ ለብረት ሰጥታችሁ እንኳ ይተርፋል። ናይሮቢ ሲደርስ ደግሞ ወደ 800 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ይቀረዋል። ሻንጣው ውስጥ መድኃኒት፣ መጽሐፍና ጫማ ይግባበት። ብረት እዚህ አለ፣ በያጅም እዚህ አለ። ጁዋ ካሊ ሠፈር ያሉት ልጆች የመኪና ማርሽና የቱቦ ቁራጭ በኪሎ ገዝተው፣ በይደው፣ ቀለም ቀብተው ይሰጡናል። ገንዘቡም እዚሁ ከሚያኖሩን ሰዎች እጅ ይገባል።

ምንም ገንዘብ የሌላችሁ ካምፕ ያላችሁ ወገኖቼ፣ አዲስ አበባ በየሠፈሩ እንደሚሠራው ከሲሚንቶ ሥሩት። ሁለት ባለ 2 ሊትር የቀለም ጣሳና 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ቱቦ አዘጋጁ። የቱቦው ጫፍና ጫፍ ላይ እንዳይሾልክ ቁራጭ ፌሮ በመስቀል አስበይዱ። አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ደቃቅ ጠጠር በትንሽ ውሃ አቡኩ። አንዱን ጣሳ ሞልታችሁ ቱቦውን አቁሙበት፣ በማግስቱ ሲጠብቅ ገልብጣችሁ ሌላውን ሙሉ። አንድ ሊትር ኮንክሪት 2.4 ኪሎ አካባቢ ስለሆነ ከቱቦው ጋር ወደ 10 ኪሎ ይወጣል። በባለ 1 ሊትር ጣሳ ከሠራችሁት 5 ገደማ ነው። ቢያንስ ለ7 ቀን በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑት፣ ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው በ28 ቀን ነው፣ አትቸኩሉ። ከዚያ እህል ነጋዴው ሚዛን ላይ አስመዝኑና ቁጥሩን በቀለም ጻፉበት። ስትጨርሱ አሮጌ ጎማ ላይ አስቀምጡት፣ ድንጋይ ላይ ከተጣለ ይሰነጠቃል።

ለዚያ ለ10 እና ለ15 ክፍተትም መፍትሔ አለ። ክብደት ከመጨመር በፊት ቁጥር ጨምሩ። 10 ኪሎውን 8 ጊዜ የምታነሳ ከሆነ 15 ጊዜ እስክታነሳው ከሱ ጋር ቆይ። ጡንቻ የሚጠነክረው እስኪደክም ሲሠራ ነው፣ ፕሌቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አያነብም።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ። አንድ የማከብራቸው ጋሼ "ልጄ፣ ወጥ ብረት የሚገዛው ቤት ያለው ሰው ነው። እኛ ነገ ካኩማ ሊሉን ይችላሉ፣ ነገ አውስትራሊያ ሊሉን ይችላሉ። የሚፈታውን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ ወጡን ጥላችሁ ነው የምትሄዱት" አሉኝ።

ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። ጥለነው እንሄዳለን። ግን እኔም እዚህ ስመጣ ለ6 ወር ነው ብዬ ነበር። "ነገ ለምሄደው ምን አስገዛኝ" ብዬ 2 ዓመት ያለ ፍራሽ ምንጣፍ ላይ ተኛሁ። ይኸው 6ኛ ዓመቴ ነው፣ ያ ነገ አልመጣም፣ የወገብ ሕመሙ ግን መጣ። ልጆቹም እንደዚያው ናቸው። በ14 ዓመቱ የመጣው አሁን 20 ሞልቶታል። ያ ጊዜ ሰውነቱ የሚሠራበት ጊዜ ነበር፣ ፕሮሰስ ሲያልቅ ተመላሽ አይደረግለትም። ብረቱ ሲቀር ደግሞ ለማን ይቀራል? ከኛ በኋላ ለሚሻገረው ልጅ፣ አብረውን ለሚሠሩት የቦረናና የቡርጂ ጎረቤቶቻችን ልጆች። ስንመጣ ውሃ የሰጡን እነሱ ናቸው። 15 ኪሎ ብረት ትተንላቸው ብንሄድ አይበዛባቸውም።

ስለዚህ ለአጎቴ ልጅ መልሴ ይህ ነው። ወንድሜ፣ ብረቱን አትላክልን፣ ዋጋውን ላክልን። ሙሉው ከከበደህ ግማሹ ይበቃል። አምስት ጥንድ ወጥ እናሠራለን፦ 3፣ 5፣ 8፣ 10 እና 15 ኪሎ። የበያጁን ደረሰኝና የብረቱን ፎቶ እዚሁ ገጽ ላይ እለጥፋለሁ። የግቢው ንብረት ነው፣ የማንም የግል አይደለም፣ የኔም ጭምር።

የተጎዳው ልጅ አሁን ደህና ነው፣ ሰኞ ተመልሶ መጣ። መጀመሪያ ያነሳው ጄሪካን ነው፣ ክዳኑ መጥበቁን ሁለት ጊዜ አይቶ።

እስቲ እናንተስ? በየካምፑ በምን ነው የምትሠሩት? ከሲሚንቶ ሠርታችሁ የተሰነጠቀባችሁ ካላችሁ ምን እንዳጎደላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልን። ውጭ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ሼር አድርጉላቸው፣ ሻንጣ ማዘጋጀት ሳይጀምሩ ይድረሳቸው።

ሰላም እደሩ።