ግድግዳ የተነፈገው ጥበብ

«ረቂቅ ሥዕል ለሕዝባችን አይገባውም» የሚለው ፍርድ በአገራችን ሥር ከሰደደ ስድሳ ዓመት አልፎታል። ዋናው ተከሳሽ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነበር። ጀርመን ተምሮ ተመልሶ በ1950ዎቹ ሥራዎቹን ሲያሳይ «ኢትዮጵያዊነቱ የታለ?» ተባለ። በ1973 ዓ.ም. በስደት አሜሪካ ውስጥ አረፈ፤ በስሙ የተጠራው ሙዚየም አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው በ2000 ዓ.ም. ነው። ሙዚየሙ ተከፈተ እንጂ ፍርዱ አልተሻረም። ከእብነ በረድና ከመስተዋት ስብርባሪ የሚገጣጠመው ረቂቅ ሞዛይክማ የባሰ ዕጣ ገጥሞታል። ሸራ በየትም ይሰቀላል፤ ሞዛይክ ግን ግድግዳ ይፈልጋል፤ ግድግዳውም የባለ ገንዘብ ነው።

ለመሆኑ ያልገባው ማን ነው? የአምበር ወይም የቢቸና ባለሙያ ሴት መሶብ ስትሰፋ ተመልከቱ። የሰው መልክ አታወጣበትም። በቀለም የተነከረውን አለላ እያፈራረቀች፣ ክብ በክብ ላይ እየደረበች ትሄዳለች። ጎረቤቷም «ይኼ ምንን ይመስላል?» ብላ አትጠይቃትም፤ «ቀዩ በዛ፣ ጥቁሩ አነሰ» ትላታለች እንጂ። ከዚህ የበለጠ የረቂቅ ጥበብ ሂስ ከየት ይመጣል?

ከተሜውም ቢሆን እንግዳ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ ደረጃና ወለል ላይ ያለው ግራኒሊያ ምንድን ነው? የእብነ በረድ ፍርፋሪ በሲሚንቶ ተለውሶ፣ ተሞርዶ የወጣ የቀለም ድብልቅ ነው። በየቀኑ የምንረግጠውን ግድግዳ ላይ ስናየው «የፈረንጅ ነው» እንላለን።

አፈወርቅ ተክሌን በምስክርነት ልጥራ። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለው ባለ ሦስት ክፍል የመስተዋት ሥዕሉ 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። «እሱ እኮ ሰው ሥሏል፤ ረቂቅ አይደለም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። እኔ የምጠራው ግን ለሌላ ጉዳይ ነው፤ ለጥበብ ቦታ ሲሰጣት፣ ለሠዓሊውም አደራ ሲጣልበት ምን እንደሚወለድ ያሳያልና። አዳራሹ በ2017 ዓ.ም. ታድሶ ሲከፈት ያ መስተዋት ዛሬም መኩሪያ ነበር።

የዛሬ ባለሕንፃዎቻችንስ? ፊቱን ከዳር እስከ ዳር በሚያንጸባርቅ መስተዋት ይሸፍኑታል፤ እብነ በረዱን ወለል ላይ ያነጥፉታል፤ ሲቆረጥ የተረፈውን ከፍርስራሽ ጋር ያስጥሉታል። ለሞዛይክ የሚበጀው ያ የተጣለው ነው። ሠዓሊው ቢጠራ እንኳ የሚጠራው ሕንፃው ካለቀ በኋላ፣ ባዶ ጥግ እንዲሸፍን ነው።

ረቂቅ ሁሉ መልካም ነው አላልኩም። ቀለም ስለተሰባበረ ብቻ ጥበብ አይሆንም፤ መጥፎ ሞዛይክም መጥፎ መሶብም አለ። መጥፎውን የሚለይ ሕዝብ ግን አለን። ስለዚህ ሕንፃ የምታስነድፉ ሁሉ፣ ከንድፉ ጀምሮ አንድ ግድግዳ ለሠዓሊ ተዉለት፤ ዋጋውንም ክፈሉት። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ይፍረድ። እስከዚያው «አይገባውም» የምትሉት ለስስታችሁ መሸፈኛ ከመሆን አያልፍም።