አሮጌው ስልክ ለቁራሌ ከመሸጡ በፊት

የአሮጌ ስልክ ማዳመጫ ክዳኑ ቢፈታ ውስጡ ብዙ ነገር የለም። አንድ ማግኔት፣ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ፣ ከፊቱም የሳሳ የብረት ዝርግ፤ በቃ። በሽቦው የሚመጣው ኤሌክትሪክ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር የማግኔቱ ስበት አብሮ ይለዋወጣል፤ ዝርጉ ይርገበገባል፤ የተመታው አየር ድምፅ ሆኖ ጆሮ ይደርሳል። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል የፈጠራ መብቱን እ.ኤ.አ. በ1876 ካገኘ በኋላ በነበሩት የመጀመሪያ ዓመታት ይኸው ዕቃ መናገሪያም መስሚያም ነበር። ሰውየው ይናገርበትና መልሱን ለመስማት ወደ ጆሮው ያስጠጋዋል። ባትሪ እንኳ አያሻውም ነበር።

ኮምቦልቻ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። እዚያ ኤሌክትሪካል ምህንድስና የሚማር ወጣት የማግኔትንና የኤሌክትሪክን ዝምድና በቀመር ጠንቅቆ ያውቃል። ኪሱ ውስጥ ያለውን ሞባይል ፈታትቶ ግን ያንን ዝምድና በዓይኑ ሊያይ አይችልም፤ ሁሉም ነገር ደቅቆ ተጣብቋል። አሮጌው ማዳመጫ ምንም አይደብቅም። እንደ ሃርቫርድ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች የጥንት ሳይንሳዊ መሣሪያዎችን ሰብስበው የሚይዙት ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ተማሪ እያየ ይማርባቸዋል።

ወሎ ለሽቦ መገናኛ ባዕድ አይደለም። ራስ መኮንን በ1882 ዓ.ም. ከጣሊያን ሲመለሱ ያመጡት ስልክ በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥትና በግምጃ ቤቱ መካከል ተዘረጋ፤ ካህናቱ «የሰይጣን ድምፅ ነው» ብለው አጉረመረሙ ይባላል። ቀጥሎ 477 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የሐረርና የአዲስ አበባ መስመር መጣ። ከዓድዋ ድል በኋላ ደግሞ፣ በ1890ዎቹ አጋማሽ፣ ጣሊያኖች ከአስመራ እስከ አዲስ አበባ የዘረጉት የቴሌግራፍ ሽቦ በወሎ በኩል አለፈ። ኋላ ንጉሥ የሆኑት ራስ ሚካኤል ያን ጊዜ ወሎን ከደሴ ሆነው ያስተዳድሩ ነበር። ትናንት በጦር የተሸነፈ መንግሥት ያሸነፈውን አገር በሽቦ ሲያቋርጥ ማየት ለወሎ ገበሬ ምን ይመስለው እንደነበር መገመት አያዳግትም።

በ1928 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ጦሩን ለመምራት ደሴ ገቡ፤ ኅዳር 26 ቀንም የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ። ከደሴ ወደ ሰሜን ግንባር የሚላከው ቃል በየመንገዱ ይጠለፍ ነበር፤ የሬዲዮ መልእክቱን ጣሊያኖች ያዳምጡት ነበርና። በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ሲያዙ ስልክ ተቋረጠ። ሌላ አገር ያለ ልጅ የእናቱን ድምፅ ለመስማት ሳምንታት ጠበቀ። የመገናኛ ታሪክ ደሴ ላይ የሰው ታሪክ ነው፤ ሙዚየም ውስጥ ግን ቦታ ያገኘ አይመስልም።

በቀድሞው የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ያለው የደሴ ሙዚየም በዚያው ጦርነት ተዘርፏል። የጠፋውን መተካት አይቻልም። ነገር ግን ዳግም ሲደራጅ ከጋሻና ከጦር ጎን እጀታው እየተዞረ የሚጠራ ስልክ ለማስቀመጥ ምን ይከለክላል? «መጀመሪያ ጣሪያው ይጠገን» የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው። አሮጌ ስልኮችን ማሰባሰብ ግን ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ኢንስቲትዩቱ አንድ ክፍልና ጥቂት መደርደሪያ ይመድብ፤ ሙዚየሙ ይመዝግብ፤ መሥሪያ ቤቶችም አሮጌ ስልክን ከተሰበረ ወንበር ጋር ቀላቅለው ለማስወገጃ ጨረታ ከማውጣታቸው በፊት ሙዚየሙን ይጠይቁ።

ቁራሌው የሚፈልገው መዳቡን ነው፤ የሚከፍለውም በኪሎ። ዕቃው የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደነበር፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተተከለ፣ ማን እንደሠራው አይጠይቅም። ለክምችት ግን ዋጋ ያለው ይኼ መረጃ ነው። መስመር በእጃቸው እየሰኩ ደሴን ከአዲስ አበባ ያገናኙ የነበሩ ጡረተኛ ስልከኞችም አሉ፤ ድምፃቸውን ለመቅረጽ የአንድ ተማሪ ሞባይል ይበቃል።