ፎቶው አለ፤ ስሙ ግን የለም

ወዳጆቼ፣ በተለይ ጎብዬ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ ዛሬ የራሴን ጥፋት ልናገር ነው።

ታስታውሱ እንደሆነ፣ የታሪክ ክበቡን ይዤ ቤት ለቤት የዞርንበት ጊዜ ነበር። የአያት ጋሻ፣ ጎራዴ፣ የብራና መጽሐፍ፣ ኪታብ፣ የእናቶች የብር ጌጥ፣ ያገኘነውን ሁሉ በአንዲት ትንሽ ካሜራ አነሳን። ሁለት መቶ ገደማ ፎቶ! «ቅርሳችንን አዳንን» ብለን ሻይ ጠጥተን ተለያየን።

ከጦርነቱ በኋላ አንድ ልጅ ከሳውዲ ደወለልኝ። የአያቱ ቤት ተዘርፏል፣ አያቱም አርፈዋል። «ቲቸር፣ የአያቴ ጋሻ ፎቶ እርስዎ ጋ አለ አይደል? ይላኩልኝ» አለኝ። ፍላሹን ከፈትኩ። አራት ጋሻ አለ። የፋይሉ ስም ቁጥር ብቻ ነው። አራቱንም ላክሁለት። «ቲቸር፣ የኛ የትኛው ነው?» አለኝ። ልጁ ከአገር ሲወጣ ገና ሕፃን ነበር፤ እኔ ደግሞ ሳልጽፍ ቀረሁ። መልስ አልነበረኝም።

በቅርቡ ስለ ዲጂታል ቅርስ አያያዝ አጭር ሥልጠና ወስጄ ነበር። ስለ ካሜራ ያስተምሩናል ብዬ ስጠብቅ አብዛኛው ጊዜ ያለቀው በመጻፍ ላይ ነው። ያን ጊዜ ነው ጥፋቴ የገባኝ። ፎቶ ብቻውን ቅርስ አያድንም። የሚያድነው አብሮት የሚጻፈው ነው፤ ምንድን ነው፣ የማን ነው፣ ከምን ተሠራ፣ ልኩ ስንት ነው፣ የት ላይ ተሰብሯል፣ ታሪኩን የነገረን ማን ነው፣ መቼ።

እዚሁ ወሎ ውስጥ ምሳሌ አለን። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን አንስቷል። የሐይቅ እስጢፋኖሱ የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል እዚያ ውስጥ ቁጥር 1832 ነው። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ የዛሬ ስልክ ከዚያ የጠራ ያነሳል። ግን ቁጥርና መግለጫ ስላለው በየትኛውም አገር ያለ ተመራማሪ «1832» ሲባል የትኛው መጽሐፍ እንደሆነ ያውቃል። እነ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዓመታት ያፈሰሱት በዚህ መግለጫ ላይ ነው።

የላሊበላውን አፍሮ አይገባ መስቀልም አስቡት። በፈረንጆች 1997 ተሰርቆ ቤልጅየም ተገኘ፤ በ2001 ተመለሰ። እሱ ዓለም የሚያውቀው መስቀል ነው። የጎብዬን ጋሻ ማን ያውቀዋል? ነገ አንድ ሱቅ ውስጥ ብናየው «የኛ ነው» የምንለው በምን ማስረጃ ነው? በ2014 የደሴ ሙዚየም ሲዘረፍ ሁላችንም አዝነናል። ሐዘኑ ተገቢ ነው፤ የጠፋውን የሚያስመልሰው ግን ዝርዝር ነው።

«ይሄ የመንግሥትና የሙዚየም ሥራ ነው» የምትሉኝ አላችሁ። ልክ ናችሁ፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስ እንዲመዘገብ ያዛል። ግን መዝጋቢው ጎብዬ እስኪደርስ ሽማግሌዎቻችን ይጠብቁናል ወይ? ዕቃው ቢቆይ እንኳ ታሪኩን የሚነግረን ሰው ያልፋል።

ስለዚህ ለክረምት አገር ቤት የምትገቡ፣ ስልክና አንድ ደብተር ይበቃችኋል።

መጀመሪያ ባለቤቱን አስፈቅዱ። «ለሰው አታሳዩ» ካሉ አታሳዩ። ዕቃውን ከፊት፣ ከኋላና ከጎን አንሱ፤ አጠገቡ ማስመሪያ አድርጉ። ስንጥቁንና ጥገናውን በተለይ አቅርባችሁ አንሱ፤ አንዱን ጋሻ ከሌላው የሚለየው እሱ ነው። ባለቤቱ ሲያወሩ ድምፃቸውን ቅዱ። ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር ስጡ፤ ቁጥሩ በደብተሩም በፋይሉም አንድ ይሁን። በቴሌግራም ስትልኩ «ፋይል» ብላችሁ ላኩ፤ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቅና ጥራቱ ይወርዳል። ሦስት ቦታ አስቀምጡ፣ አንዱ ከጎብዬ ውጭ ይሁን። የታተመ አንድ ቅጂ ለባለቤቱ መመለስም እንዳትረሱ። እኛ ያን ጊዜ ለማንም አልመለስንም።

አደራ፣ የማን ቤት ምን እንዳለ ፌስቡክ ላይ እንዳትለጥፉ። ለሌባ መንገድ ማሳየት ነው። ለሕዝብ የሚታየውና የሚቆለፈው ይለያል።

ሁለት መቶዎቹ ፎቶዎች አሁንም እኔ ጋ አሉ። ያኔ አብራችሁኝ የነበራችሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አንድ በአንድ እልክላችኋለሁ። «ይሄ የእነ እገሌ ቤት ነው» የሚል አንድ ሰው ከተገኘ አንድ ዕቃ ስሙን አገኘ ማለት ነው። ከአራቱ ጋሻዎች እጀምራለሁ። ሳውዲ ያለው ልጅ አሁንም እየጠበቀኝ ነው።