ያልረጠበ አሻጋሪ

ቃል ተበድሮ የማይመልስ ሰው ያናድደኛል፤ በተለይ የተበደረው ከወንዝ ሲሆን። “ተሻገረ” የሚለውን ግሥ ማለቴ ነው።

እኔ ይህን ግሥ የተማርኩት ከመዝገበ ቃላት አይደለም፤ ከጉልበቴ በላይ በደረሰ ውሃ ውስጥ ነው። ትምህርት ቤታችን ከወንዙ ማዶ ነበር። በበጋ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለልን እናልፈዋለን። በመስከረምና በሰኔ ወንዙ ሲሞላ ግን አያ ካልመጣ የሚንቀሳቀስ የለም። አያ ስሙ አይደለም፤ ታላቃችን ስለሆነ ሁላችንም እንዲሁ ነበር የምንጠራው። ሱሪውን ሰብስቦ፣ ዱላውን ይዞ፣ መጀመሪያ ብቻውን ይገባል። በዱላው ሥሩን እየነካካ የውሃውን ልክ ያያል። ተመልሶ መጥቶ እጅ ለእጅ ያያይዘናል፤ ጠንካሮቹን ውሃው በሚመጣበት በኩል ያቆማል። “ውሃውን አትዩ፣ ያዞራችኋል፤ ማዶ ያለችውን ዋርካ እዩ” ይለናል። አንዳንድ ቀን ደግሞ “ዛሬ አይሆንም፣ ወደየቤታችሁ” ይላል። ማንም አይከራከረውም። እስከ ደረቱ የረጠበው እሱ ነዋ!

አሁን ደግሞ ወደ ስብሰባ አዳራሽ እንግባ። “በሽግግር ላይ ነን።” “ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ ተሸጋግረናል።” “ከዚህም ባሻገር…” “ዘመን ተሻጋሪ ሥራ።” ተናጋሪው ይህን ሁሉ ሲሻገር ካልሲው እንኳ አልረጠበም።

ዘይቤ አልወድም ማለቴ አይደለም። በእንቁጣጣሽ “እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገራችሁ” ስንባባል ደስ ይለኛል፤ ዘመን የሚለወጠው ክረምቱ ሲወጣና ወንዙ ሲጎድል ነውና ቃሉ ውሃውን አልረሳም። የሰዋስው መምህራን “ተሻጋሪ ግሥ” ሲሉም ይገባኛል፤ ድርጊቱ ከባለቤቱ ተነሥቶ የሚያርፍበት ተሳቢ አለው። ኦሮምኛ ደግሞ መሻገሪያውን “መልካ” ይለዋል፤ መልካ ቁንጥሬ፣ መልካ ዋከና፣ መልካ ጀብዱ እያልን እስከ ዛሬ በካርታ ላይ እናነበዋለን። እነዚህ ሁሉ ቃሉን ተበድረው በአግባቡ የያዙ ናቸው።

ጠቤ ማዶ ከሌለው ሽግግር ጋር ነው። በ1983 ዓ.ም. የሽግግር መንግሥት ተቋቋመ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ጸደቀ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የሽግግሩ ዘመን አበቃ። ወዴት ነው የተሻገርነው የሚለው ሌላ ጭቅጭቅ ነው፤ እኔም ብዙ የምለው አለኝ። ቢያንስ ግን ያ ሽግግር መጀመሪያና መጨረሻ ነበረው። ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ሲያጸድቅ ግን መጀመሪያ የጠየቅሁት ይህንኑ ነው፦ ተኩስ ባልቆመበት አገር የቱ ዳር ላይ ቆመን ነው ስላለፍነው ውሃ የምንነጋገረው? ወንዙ እየሞላ፣ ሰው እየተወሰደ፣ “ተሻግረናል” ይባላል እንዴ?

“አሻጋሪ” የሚለው ቃል ሌላም ጌታ እንዳለው አትርሱ። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን ወንጀል ይለዋል። የኛን ልጆች ከኦቦክ ዳርቻ በጀልባ አሳፍሮ ወደ የመን የሚልከው ደላላም ራሱን አሻጋሪ ነው የሚለው። ገንዘቡን ይቀበላል፣ ማዶውን እያሳመረ ያወራል፤ እሱ ግን ጀልባዋ ላይ አይወጣም። በአያና በደላላው መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው፤ ሌላ ፍልስፍና አያስፈልገውም።

ይህን ያህል ለአንዲት ግሥ ለምን ትቆጣለህ የሚለኝ አይጠፋም። ልንገራችሁ።

የመንደራችን ሰው ድልድይ ይሠራልን ብሎ አመለከተ። “በዕቅድ ተይዟል” ተባለ። በዓመቱ ሽማግሌዎቹ ሄደው ሲጠይቁ “ወደ ቀጣዩ በጀት ዓመት ተሸጋግሯል” ተባሉ። በሚቀጥለውም ዓመት፣ ከዚያ በሚቀጥለውም እንዲሁ። በአማርኛችን “ተሸጋገረ” ማለት “ለሌላ ጊዜ ተላለፈ” ማለትም እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት። ድልድዩ ወንዙን ሳይሻገር በጀት ዓመቱን ተሻገረ። ከኛ በቀር ሁሉ ነገር ተሻገረ።

በአንዱ ሰኔ የጓደኛዬ ታናሽ እህት ፈተና ተፈትና ስትመለስ ውሃው ወሰዳት። አያ አርጅቶ አልጋ ላይ ውሎ ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ እሷን ግን እያሳሳቀ አልወሰዳትም። ከጓደኞቿ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ነበር፤ ቀድሞ የገባ፣ ሥሩን በዱላ የነካ ትልቅ ሰው ግን አብሯቸው አልነበረም። ለቅሶ ላይ አንድ የቢሮ ሰው ተነሥቶ አጽናናን። “በሽግግር ላይ ያለ አገር ብዙ ፈተና አለበት” አለ። እናቷ ቀና ብላ አየችው፤ ምንም አልመለሰችለትም።

አቅም የለንም አይባልም። ግንቦት 2016 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ በዓባይ ወንዝ 380 ሜትር የሚረዝም ድልድይ ተመርቋል፤ ከልቤ ነው ደስ ያለኝ። የኛ ወንዝ ሰፋ ቢል ሃያ እርምጃ ነው። “ያ ትልቅ ከተማ፣ ያንተ ትንሽ መንደር” ትሉኝ ይሆናል። ይህ ወንዝ የማያሻግር ምክንያት ነው፤ ቃል በቃል።

ስለዚህ ቃሉ ይመለስልን። “ሽግግር” የሚል ሁሉ ወንዙ የቱ እንደሆነ፣ ማዶው የት እንደሆነ ይንገረን፤ “ዛሬ አይሆንም” ለማለትም ይድፈር። እኔ በበኩሌ ከእንግዲህ “እናሻግራችኋለን” የሚለኝን ሰው ፊቱን አላይም። የሱሪውን ጫፍ ነው የማየው።