ስለ ቤት ማጽዳትና ቆሻሻ ስለ ማዛወር

በዓል በቀረበ ቁጥር በሐይቅ ከተማና በአምባሰል ቀበሌዎች ትልቅ ትጋት ይታያል። እንቁጣጣሽም ይሁን አረፋ፥ ፋሲካም ይሁን መውሊድ፥ ቤቱ ይጠረጋል፤ ግድግዳው ይለቀለቃል፤ ከአልጋ ሥርና ከቆጥ ላይ የተከማቸው አሮጌ ዕቃ ሁሉ ይወጣል። ይህ መልካም ልማድ ስለ ሆነ የምነቅፈው እርሱን አይደለም። የምነቅፈው ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ነው። የወጣው ዕቃ ሳይለይ በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ፥ ሲመሽ ወደ ፈፋው ይወረወራል፤ ወይም በደጅ ተከምሮ ክብሪት ይጫርበታል። ባለቤቱም እጁን ታጥቦ «ቤቴን አጸዳሁ» ይላል። እኔ ግን ይህ ሰው ቆሻሻውን ከራሱ ደጅ ወደ ሌላ ሰው ደጅ አዛወረ እላለሁ።

አነጋገሬ የከበደው ሰው ቢኖር ሐይቁን ይመልከት። ሐይቃችን ከዙሪያው ተራሮች የሚወርደውን ጎርፍና ጅረት ይቀበላል፤ ከእርሱ ግን በምድር ላይ ፈስሶ የሚወጣ ወንዝ የለም። ውሃው በፀሐይ ተንኖ ይሄዳል፤ ከባትሪ ድንጋይ የሚወጣው መርዝና የተቦጫጨቀው ፌስታል ግን አይተንም። በወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ቆሻሻውን ሲጥል ቢያንስ ጥፋቱን ወደ ሩቅ አገር ይሰደዋል (ይህም ነውር ነው)፤ እኛ ግን የጣልነውን መልሰን የምናገኘው እኛው ነን። በ1970 ዓ.ም ገደማ ወደ ሐይቁ የገባው የቆሮሶ ዓሣ ዛሬ በስንት ቤት እንደሚበላ ታውቃላችሁ። በፈፋው ዳር የሚግጡትም በጎችና ፍየሎች የምግብ ሽታ ያለውን ፌስታል ይውጡታል፤ ከዚያም ሆዳቸው ተነፍቶ ይሞታሉ።

«አያቶቻችንም እኮ ወደ ፈፋው ይጥሉ ነበር» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፥ ይጥሉ ነበር። እንግዲህ አያቶቻችን ከእኛ ይልቅ ጻድቃን ነበሩ ብዬ አላሞግሳቸውም። የሚጥሉት ግን አመድ፥ ፍግ፥ የተሰበረ እንስራ ገልና የበሰበሰ ቅርጫት ነበር፤ አፈር የነበረው ወደ አፈር ይመለሳል። የእኛ ዕቃ ተለውጦ ሳለ የአጣጣል ልማዳችን አልተለወጠም። ማቃጠልም መድኃኒት አይደለም። የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስና ይህን የመሰለ ፕላስቲክ ሲነድ ዳዮክሲን የሚባል መርዝ ይወጣል፤ ያንንም ጭስ በመጀመሪያ የሚተነፍሱት በእሳቱ ዙሪያ የሚጫወቱት ልጆች ናቸው።

ከበዓሉ ጽዳት ይልቅ እኔን የሚያሳዝነኝ የወራሾች ጽዳት ነው። አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት ባልቴት ሲሞቱ፥ አርባቸው ሳይወጣ፥ ልጆችና የልጅ ልጆች ከአዲስ አበባም ከዓረብ አገርም ይመጣሉ። የመመለሻ ቀናቸው የተቆረጠ ስለ ሆነ የሃምሳ ዓመት ቤት በሁለት ቀን ይራገፋል። ብረት ድስቱ ከጨርቁ፥ ጠርሙሱ ከወረቀቱ ጋር ተደባልቆ ይጣላል። የግብር ደረሰኙና ደብዳቤው፥ አንዳንድ ጊዜም የብራና ዳዊቱ ወይም በዓረብኛ ፊደል በእጅ የተጻፈው መንዙማ ከአሮጌው ፍራሽ ጋር አብሮ ይነዳል። ይህም የሚሆነው በሌላ አገር ሳይሆን አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ያስጻፉት አራቱ ወንጌል ለዘመናችን በደረሰበት፥ በደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ አጠገብ ነው። ያንን መጽሐፍ ሰባት መቶ ዓመት ያቆየው «ይህ አሮጌ ነገር ምን ያደርጋል?» የማይል እጅ ነው።

አሁን ወደ ቆራሌው ልምጣ። ከሰፈር ሰፈር እየጮኸ የሚዞረውን ልጅ ወጣቶቻችን «አንተ ቆራሌ!» ብለው ይጠሩታል፤ በር ሲከፈትለትም ሌባ እንዳይሆን በዓይን ይጠበቃል። ይህ ልጅ ያዋረዱት ሰዎች የሚያበላሹትን የሚያቃና ነው። የተቀደደው የአሉሚኒየም ድስት በእርሱ በኩል ሄዶ ይቀልጥና አዲስ ብረት ድስት ሆኖ ይመለሳል። በመርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌው በርሜል ምድጃ ይሆናል፤ ያለቀው የመኪና ጎማም በርባሶ ሆኖ የገበሬውን እግር ከእሾህ ያድናል። ልዋጩም አሮጌውን ልብስ ወስዶ ብርጭቆና ሳፋ ይሰጣል። በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ከተማርሁት ሁሉ አንዱ በዚህ ነገር ትዝ ይለኛል፤ ጌታ አምስት ሺህ ሰው ካጠገበ በኋላ ደቀ መዛሙርቱ የተረፈውን ቁርስራሽ እንዲሰበስቡ አዘዛቸው፤ 12 መሶብም ሞላ። እንጀራ ማብዛት የሚችል እርሱ ቁርስራሽ ካልናቀ እኛ ማን ነን? የእስላም ጎረቤቶቼም ሰውን የሚጎዳ ነገር ከመንገድ ማንሣት ከእምነት ክፍል የሚቆጠር መሆኑን ያስተምራሉ። በሁለቱም ሃይማኖት ቢሆን የሚያሳፍር ሥራ የሚሠራው ቆራሌው አይደለም።

«ይህ ሁሉ የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው» የሚለውም መልስ አይበቃኝም። ማዘጋጃ ቤት ጋሪና መኪና ማቅረብ ግዴታው ነው፥ ባያቀርብም ሊወቀስ ይገባዋል። ነገር ግን ሳይለይ የተጫነ ቆሻሻ የትም ቢደርስ ክምር ነው። አዲስ አበባ ቆሻሻዋን ለሃምሳ ዓመት ያህል በቆሼ ከመረች፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ክምሩ ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎችን ገደለ። የሞቱት ከክምሩ ሥር ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ድኾች ነበሩ። ከዚያ ከአሥር ዓመት በፊት የወጣው አዋጅ ቁጥር 513/1999 እኮ እያንዳንዱ የቤተ ሰብ ኃላፊ ተመልሶ የሚሠራበትን ከሚጣለው እንዲለይ ያዝዛል! ለዚህም መኪና አያስፈልግም፤ ሦስት ከረጢት ይበቃል። አመዱና የድንች ልጣጩ ለጓሮ፥ ብረቱ፥ ጠርሙሱና የውሃ ላስቲኩ ለቆራሌው፥ የባትሪ ድንጋዩ ውሃ በማይነካው ጣሳ ለብቻው።

የሚቀረው ቆራሌውም የማይገዛው፥ ጓሮውም የማይቀበለው ፌስታል ነው። እርሱን ከቤት የማስወጫ መልካም መንገድ ስለሌለ ማስገባቱን መተው ይሻላል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም የፌስታል ከረጢትን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል፤ ይሁን እንጂ ወደ ሐይቅ ገበያ የሚወርድ ሰው ደንብ አስከባሪ እስኪይዘው መጠበቅ የለበትም። ዘንቢሉን ይዞ ይሂድ፤ ነጋዴው ሽንኩርቱን መዝኖ ፌስታል ሊዘረጋለት ሲል «ተወው ወንድሜ፥ እዚህ ላይ ገልብጠው» ይበለው።